የእንግዳው ሙሉ ልብስ

በልኬት ደብተሬ ደንበኞቼን በስማቸው ጽፌ አላውቅም። ስም ይረሳል፣ ይምታታል፤ ሰውነት ግን አይምታታም። ስለዚህ «ቦርጫሙ ሐኪም» ብዬ እጽፋለሁ፤ «ሚስቱ የምትመርጥለት»፣ «ለሠርጉ የቸኮለው»፣ «ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ የሚለካው ዳኛ»። ደብተሩን ለማንም አላሳይም፤ ባሳይ ግማሽ ከተማ ይቀየመኛል። ሠላሳ ዓመት የወንድ ሙሉ ልብስ ስሰፋ ይህ ደብተር አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ስገልጠው ግን በመጨረሻው ገጽ ላይ «እንግዳው» የሚል አገኘሁ። ከሥሩ ደረት፣ ወገብ፣ የትከሻ ስፋት፣ የእጅጌ ቁመት፣ ሁሉም በወጉ ተሞልቷል። ከጎኑ ደግሞ «ግራ ትከሻው ይወድቃል፤ በዚያ በኩል ዝቅ ይበል» የሚል ማሳሰቢያ አለ። ጽሕፈቱ የኔ ነው። ሰውየውን መለካቴን ግን ባስብ ባስብ አላስታወስኩም።

«እንግዳው» የሚለውን ቃል የማውቀው ከሌላ ቦታ ነው። መጠጥ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል። ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ እንደኔ ያቆሙ ሰዎች እንሰበሰባለን። እዚያ መጠጥ ሲያምረን «አማረኝ» አንልም፤ «እንግዳው መጣ» ነው የምንለው። ሐሳቡ መልካም ነበር። እንግዳ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ቤቱ የሱ አይደለም ለማለት ነው። እኔ ግን ቀልድ አይቀርብኝምና አበዛሁት። ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ፣ ብቻዬን ሆኜ፣ «እንደምን ዋሉ? ዛሬ አልሞላልንም፤ ሌላ ቀን ብቅ ይበሉ» እለው ጀመር፤ በአንቱታ። ይህን ስብሰባው ላይ ሳወራ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀው ፍሬን ብቻ ነው።

ፍሬን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሰው ወሬ ባበዛ ቁጥር «ፍሬን ያዝ፣ ፍሬን ያዝ» ስለሚል ስሙን እኛ ነን ያወጣንለት። ስብሰባው ለእያንዳንዳችን ክፉ ቀን ሲመጣ የምንደውልለት አንድ ሰው ይመድባል፤ ለኔ የደረሰኝ እሱ ነው። «ማነው አንቱ ያለው?» አለኝ ያን ቀን። «እንግዳ ብለህ አንቱ ያልከውን ሰው ነገ ወንበር ትስብለታለህ።» እኔም «አቤት የሹፌር ፍልስፍና» ብዬ አላገጥኩበት።

ተራ ሳምንት ቢሆን ኖሮ ደብተሩን ዘግቼ እረሳው ነበር። ግን በሚመጣው ሰኞ ልጄ ከወሊድ ፈቃዷ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት ከሰዓት ሕፃኑን እኔ ጋ ልትተወው ተስማምታለች። የልጅ ልጄን። አምስት ወሩ ነው፤ ሲስቅ የሚታየው ድዱ ብቻ ነው። ስንት ነገር ያደረስኩባት፣ ግማሹንም የማላስታውሰው ልጅ፣ «አባዬ፣ አንተ ትይዝልኛለህ?» ስትለኝ ደስታዬን የት ላግባው። ያን ሰሞን የበዓል ልብስ እንደተገዛለት ሕፃን ቀን ስቆጥር ነበር የምውለው፤ አምስት ቀረ፣ አራት ቀረ እያልኩ።

ረቡዕ ዕለት ልብሱ ራሱ መጣ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ፣ ጥቁር ግራጫ ኮት አገኘሁ፤ ተቆርጦ፣ በነጭ ክር ለሙከራ ተጠቃቅሞ። የጠመኔው ምልክት ገና አልረገፈም። ጨርቁ ከኔው መደርደሪያ የወጣ ነው፤ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ምርጥ ሱፍ።

በሱቁ ውስጥ ከኔ ሌላ የሚሠሩት ተኳሿ ብቻ ናቸው፤ በካውያ ነው የሚተኩሱት፣ ማንም እንዳይደነግጥ። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ እላቸዋለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ በእንፋሎት ውስጥ ቆመው ይውላሉ፤ የሰፋሁትን ሁሉ ቀጥ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ይህን ልብስ ማነው ያዘዘው?» አልኳቸው።

«እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? ትናንት በምሳ ሰዓት ሰውየውን ስታስሞክረው አልነበር?»

«የትኛውን ሰውዬ?»

«ፊቱን አላየሁትም። በመጋረጃው ቀዳዳ ከጀርባው ነው ያየሁት፤ መስታወቱ ፊት ቆሞ ነበር። ግራ ትከሻው ወረድ ያለ ነው። ‹እንደምን ዋሉ› ብለው ዝም አለኝ።» ካውያቸውን አስቀመጡ። «ጤነኛ ሰው አልመሰለኝም፣ ወንድሜ። ሲቆም ራሱ የተደገፈ ይመስላል፤ የተደገፈው ነገር ግን የለም።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

«ተንበርክከህ ሱሪውን እየለካህ መስሎኝ። ሁልጊዜ ሥር ሥር አይደለህ የምትሄደው?»

ማክሰኞ በዚያ ሰዓት የት እንደነበርኩ በደንብ አውቃለሁ፤ ሽር ሽር ወጥቼ ነበር።

ሽር ሽሩን የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ምግብ አልወርድ ካለኝ ሰንብቷል፤ ስለዚህ በምሳ ሰዓት ዝም ብዬ ከመቀመጥ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው። የምሄደው በድሮው መንገድ ነው፤ በአናጢዎቹ ሱቆች በኩል። እዚያ ጥግ፣ ከአናጢዎቹ ማዶ፣ ባለ አረንጓዴ በር መጠጥ ቤት አለ፤ ትዳሬን የጨረስኩት እዚያ ነው። ግን ወደዚያ የምሄደው ለጥላው ነበር። እንዲህ ነው ለራሴ ያልኩት፣ ለጥላው። ሰኞ እስከ ዳቦ ቤቱ ሄጄ ተመለስኩ፤ ማክሰኞ እስከ ፀጉር አስተካካዩ፤ ረቡዕ ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግንብ ጥላ ሥር ጥቂት ቆምኩ። መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አልነበረም። የአናጢዎቹ መጋዝ አይጮህም፤ የፀጉር ቤቱ ወንበር ባዶውን ዞሮ ወደ ደጅ ይመለከታል። ሰላም ማለት ሰልችቶኝ ስለነበር እሰይ አልኩ።

ያን ዕለት ስብሰባም አልሄድኩም። ለፍሬን ሥራ በዛብኝ አልኩት። ልጄ ደውላ «ስብሰባ ሄድክ?» ስትለኝ «ሄጃለሁ» አልኳት፤ አንደበቴ እንኳ አልተደናቀፈም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ምን ቆርጦኝ ዋሸኋት፣ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ከዚያ ዞሬ እትዬን ክር አባከኑ ብዬ ጮህኩባቸው። ክር የሚነኩት እሳቸው አይደሉም።

ሐሙስ ኮቱ እጅጌና ኮሌታ አወጣ። ሐሙስ እኔ መንገዱን ተሻግሬ አረንጓዴው በር ደረጃ ላይ ደርሻለሁ።

ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ታች ልጫነው ስል አንድ ነገር ዓይኔን ሳበው፤ ጫማዬ። ያን መንገድ ለውኃ ቧንቧ ከቆፈሩት ወር ሆኖታል፤ ሰው ሁሉ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ነው የሚሻገረው። የኔ ጫማ ግን ጠዋት እንደጠረግኩት ያብረቀርቃል። ደነገጥኩና ፊቴን አዙሬ ወደ ሱቄ ገባሁ።

ስገባ የስፌት ማሽኔ መዘውር እየዞረ ነው። ማንም የለም፤ መዘውሩ ግን እየዞረ፣ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። ወንበሩን በእጄ ዳበስኩት። ሞቋል።

«እትዬ!» አልኩ። «አሁን እዚህ ማን ነበር?»

ራሳቸውን ከመጋረጃው አወጡ። «ማን ይኖራል? አንተ ነህ እንጂ።»

«እኔማ አሁን ከውጭ ገባሁ።»

አዩኝ። ከዚያ በሩን፣ ከዚያ በሩ አናት ላይ ያለውን ደወል አዩት፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር የሚጮኸውን። «መቼ ወጣህ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከጠዋት ጀምሮ ያ ደወል አልጮኸም። ትናንትም በምሳ ሰዓት አልጮኸም። ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ስትሰፋ ነው የምሰማህ፤ እንዲያውም ምሳውን ትቶ ሥራ ላይ ወደቀ ብዬ አዝኜልህ ነበር።»

የትም አልሄድኩም ነበር። ሰውነቴ እዚህ ተቀምጦ ሲሰፋ፣ ያ መንገድ ላይ ስሄድ የነበረው ሌላው ነገሬ ነው። ስጠጣ እንዲህ ያደርገኝ ነበር፤ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ከሕይወቴ ተቀዶ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን አልጠጣሁም። ሳልጠጣ መርሳት ጀምሬያለሁ።

ኮቱ የልብስ መስቀያው ላይ ነው። ገበሩ ገብቷል። የቀረው ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው፤ እነሱም ጠረጴዛው ላይ በመስመር ተደርድረዋል፣ አጠገባቸው ክር የገባለት መርፌ። አንስቼ የጎን ስፌቱን ገለጥኩት። እኔ ለማንም ብሰፋ በዚያ በኩል ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፤ ሰው ይወፍራል፣ ይደላዋል፣ ከጊዜ በኋላ መልቀቅ ያስፈልጋል። በዚህ ኮት ግን ምንም ትርፍ አልተተወም። የሰፋው ሰው ባለቤቱ ይወፍራል ብሎ አልጠበቀም።

ከዚያ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ፤ በግራ በኩል፣ ከልብ በላይ። ኪሱን አገኘሁት። ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት፤ ጠርሙስ እንዳይንኳኳ በድርብ ገበር የተሠራ። እንዲህ ዓይነት ኪስ በዚህ ከተማ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለራሱ ብቻ ነበር የሚሰፋው። ሚስቴ እስክትሞት ድረስ ያንን ኪስ አላወቀችም።

ኮቱን ለበስኩትና መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ልብስ ሰፊ የሆነ ያውቀዋል፤ በመጀመሪያ ሙከራ ልክ የሚሆን ኮት የለም። አንዱ ጋ ይይዛል፣ አንዱ ጋ ይነፋል። ይህ ግን የትም አልያዘም፣ የትም አልነፋም። በሁለት ዓመት ውስጥ ያወጣሁት ሥጋ ሳላውቀው አልቋል፤ መጠጥ ሳቆም የተቃናው ግራ ትከሻዬ ወርዶ የድሮ ቦታው ገብቷል። መስታወቱ ውስጥ እትዬ በመጋረጃው ቀዳዳ ያዩት ሰው ቆሟል። አንድ ጠብታ ሳይቀምስ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። የቀረው ሦስት ቁልፍ ነው፤ ያንን እጀታ ወደ ታች መጫን ነው።

ኮቱን ሳላወልቅ ለፍሬን ደወልኩ። «እንግዳው መጥቷል» አልኩት።

«መቼ?»

«ሰንብቷል መሰለኝ።»

በግማሽ ሰዓት ደረሰ። ደወሉ ሲጮህ ከወንበሬ ዘለልኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ «አውልቅ» አለኝ፣ አወለቅኩ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ይጠይቀኝ ጀመር።

«ምሳ በላህ?»

«አልራበኝም።»

«ትናንትስ?»

«ትናንትም።»

«ረቡዕ የት ነበርክ?»

«ሥራ...»

«ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብስ?»

«ያን ዕለት ዝናብ ነበር።»

«ዝናቡን እኔም አይቼዋለሁ፤ ጃንጥላ ይዤ መጣሁ። ለልጅህ ምን ብለሃታል?»

«ሄጃለሁ ብያታለሁ።»

«በሐሳብህም ቢሆን፣ በየት በኩል ነው ስትሄድ የነበረው?»

ነገርኩት። እኔ ሰው ስለካ እንዲህ ነኝ፤ አልፈርድም፣ አላጽናናም፣ የተገኘውን እጽፋለሁ። ተለክቼ አላውቅም ነበርና በጣም አፈርኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ ሳውቀው ነው የኖርኩት፤ አንድ ላይ ሰፍቼ ግን አላየሁትም ነበር።

«ሁላችሁም መጠጥ ከጠርሙሱ የሚጀምር ይመስላችኋል» አለ ፍሬን። «ጠርሙሱ የመጨረሻው ፌርማታ ነው። ያንተ አውቶቡስ ከተነሳ ሁለት ሳምንት አልፎታል።»

ከዚያ የስፌት መፍቻዬን አንስቶ ኮቱን ጭኑ ላይ አደረገና ኪሱን ይፈታው ጀመር። እጁ መሪ የለመደ ወፍራም እጅ ነው፤ እየቦጨቀ ነው የሚፈታው። ልቀበለው ስል «እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ» አለኝ። እንደ ተማሪ አደረግኩ። ክሩ ጥስ ባለ ቁጥር ግራ ደረቴን አንዳች ነገር ይቆነጥጠኛል። እትዬም ከመጋረጃው ወጥተው ያያሉ። ቁልፎቹን ከጠረጴዛው ላይ አፍሰው መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩ።

«አሁን በል» አለኝ ፍሬን። «ምን ሆነሃል?»

«እንግዳው...»

«እንግዳ የለም። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን፣ ጥፋቱም የኛ ነው። በወንበርህ ተቀምጦ፣ በእጅህ ሰፍቶ፣ በልክህ የለበሰ ምኑ ነው እንግዳ? ‹እሱ›ን ተወውና በ‹እኔ› ተናገር።»

ይህን ያህል ከባድ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ስለሱ ሳወራ ነበር፤ መጣ፣ ሄደ፣ ተቆጣ፣ ለመነኝ እያልኩ። ስለኔ አላወራሁም።

«ልጠጣ ነው» አልኩ።

ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። ክፍሉ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። የካውያውን ትፍ ትፍ፣ የውጪውን መኪና፣ የአንዱን ሰው ሳቅ ሰማሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ምንም ድምፅ እንዳልሰማሁ ያኔ ገባኝ።

«ይህንኑ ለልጅህ ትነግራታለህ» አለ ፍሬን።

«የፈለግከውን አድርገኝ፤ እሷን ግን ተዋት። ሰኞ ልጁን ልታመጣልኝ ነው። ይህን ከሰማች በቃ፣ አለቀ።»

«ለሷ ካልነገርክ ለማንም አልነገርክም። እኔማ ምን አለብኝ? ብትጠጣ አዝኜ ቤቴ እገባለሁ። ሰኞ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ልጁን ታቅፈህ፣ ሽር ሽር ብትሄድስ?»

ያን አላሰብኩትም ነበር። መዘውሩ ሲዞር፣ እኔ በዚያ ዝም ባለ መንገድ ላይ ስሄድ፣ ልጁ የት ነው የሚሆነው?

አሥር ሰዓት ላይ ልጄ መጣች። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ በሌላ እጇ ለሰኞ የሚሆን ታጣፊ አልጋ ይዛለች። ፍሬን ብድግ ብሎ አልጋውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«አባዬ፣ የት ይሁን? መስኮቱ አጠገብ ይሻላል?»

«አትዘርጊው» አልኳት።

ፊቷ ተለወጠ። ቀረብ አለችና አሸተተችኝ፤ ሳትደብቅ፣ ድሮ ከእናቷ ጋር በር ላይ ስትቀበለኝ እንደምታደርገው። «አልጠጣሁም» ማለት አፌ ላይ መጣ። እውነትም ነበር። መለስኩት።

«ልጠጣ ነው» አልኳት። «እስካሁን አልቀመስኩም። ግን ልጠጣ ነው። ረቡዕ ስብሰባ ሄጃለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። እህል ከቀመስኩ ቀናት አልፈዋል፤ የማደርገውን እረሳለሁ። ሰኞ ልጁን አታምጪልኝ።»

እትዬ ካውያውን ነቀሉት። ልጄ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዛወረችው።

«በሰባት ዓመቴ ትምህርት ቤት ረስተኸኝ» አለች፣ «ጥበቃው እጄን ይዞ ቤት ሲያደርሰኝ፣ መጀመሪያ ያልከኝ ‹አልጠጣሁም› ነው። አልጋ ላይ አልነበርክም እንዴ፣ መነሳት አቅቶህ። እናቴ ሆስፒታል እያለች በስልክም ያልከኝ እሱን ነው። አባዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አልጠጣሁም ስትል ነው የሰማሁህ።»

«አውቃለሁ።»

«ሰኞ አላመጣውም። ከዚያ በኋላም መቼ እንደማመጣው አላውቅም። እንዲህ ባልከኝ ቁጥር ግን እመጣለሁ። ሳትጠጣ በፊት ካልከኝ።»

«እሺ» አልኩ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የለፋሁበትን ነገር በገዛ አፌ አስመልሼዋለሁ፤ ማንም አልቀማኝም። እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ፍሬን ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እትዬ ከምሳቸው የተረፈ ዳቦ በሳህን አቀረቡልኝ፣ እያለቀስኩ በላሁት።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፤ ጥቂት ጊዜ ቀርቶናል። ልጄ አልጋውን አላነሳችም፣ አልዘረጋችውምም። «ተቀመጥ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ጎንበስ አለችና ሕፃኑን ክንዴ ላይ አደረገችው።

የእንቅልፍና የወተት ሽታ ነበረው። ዓይኑን ገልጦ አየኝ፣ መልሶ ጨፈነ። ልጄ እጆቿን ከሥሩ አላወጣችም፤ አንዱ ከራሱ ሥር፣ አንዱ ከወገቡ ሥር ነበር፣ ክብደቱ ሁሉ በሷ ላይ ነበር።

«ያዝኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ፤ እጆቿን ግን አላነሳችም።